ሳልለካ የሰካሁት ገመድ

አባቴ መብራት ሲመጣ አይደሰትም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይህንን ነው። ጠፍቶ የዋለ መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ሲንጫጫ እኛ ቤት ማንም ንቅንቅ አይልም። ሶኬቱ ሁሉ እንደተነቀለ፣ አባቴ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ጆሮውን ወደ አጥሩ ይጥላል። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን፣ እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ "ኢብሳን ዱፌ!" ይላሉ፤ በኦሮምኛ መብራት መጣ ማለታቸው ነው። ቀጥሎ ፍሪጃቸው ጉር ብሎ ይነሳል። አባቴ ያንን ሲሰማ የእጅ ሰዓቱን ያያል። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ አይታመንም፤ ስለዚህ የእማማ ፍሪጅ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይቃጠል ከቆየ ብቻ "አሁን ሰኩ" ይላል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ፍሪጅ ከፊት አሰልፈን ነው የኖርነው። ኅሊናዬ ቢወቅሰኝ አንድ ቀን ለራሳቸው ለእማማ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "እኔስ ብሆን ከወዲያ ያለው ወፍጮ ሲነሳ አይደል የምሰካው!" አሉኝ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ከዚያ ሥራ ወደ ቤት ይዞ የመጣው አንድ የቮልት መለኪያ ቴስተርና አንድ ጥያቄ ነው። ቴስተሩ ከክፍሉ በር ኋላ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ጥያቄው "ለክተሻል?" ነው። ሽቦ ሳይለካ የነካ የሥራ ባልደረባውን ቀብሯል፤ ስለዚህ ለእሱ ከኃጢአት ሁሉ የከፋው ሳይለኩ መንካት ነው። አምፖል ስቀይር "ለክተሻል?" ይለኛል። ወጥ ላይ ጨው ስጨምር "ለክተሻል?" ይለኛል። ፈተና ወድቄ እያለቀስኩ በመጣሁበት ቀን እንኳ "ከመግባትሽ በፊት ራስሽን ለክተሽ ነበር?" ብሎኛል። በልጅነቴ ያስቀኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ ግን ያበግነኝ ጀመር።

ሥራዬ የቤት ፕላን መሳል ነው። ደንበኞቼ በአብዛኛው ከደራና ከሁሩታ የሚመጡ፣ እህላቸውን ሸጠው ከተማ ውስጥ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። "የጎረቤቴን ዓይነት፤ በሩ ግን ከሱ የሚሰፋ" ይሉኛል፤ እኔም በሩን አስፍቼ እስላለሁ። የምሠራው ከአባቴ ክፍል አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከአልጋዬ እስከ ኮምፒውተሬ ሁለት እርምጃ አይሞላም። መስኮቷ የሚያየው ግድግዳ ነው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ የአዳማ ፀሐይ ከረፋዱ ጀምሮ አናቴ ላይ ትቀመጣለች፤ ከታች ደግሞ ኮምፒውተሩ ሙቀቱን እግሬ ላይ ይተፋል። በእኔና በአባቴ ክፍል መካከል ያለው በር አይዘጋም። ያን ጊዜ አባቴ እግሮቹ ከከዱት ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሲፈልገኝ በምርኩዙ ወለሉን ይመታል። አንድ ምት ውሃ ነው። ሁለት ምት ነይ ነው። ሦስት ምት ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሕይወቴ የምርኩዙ ድምፅ እስከሚሰማበት ድረስ ብቻ ሆነ። ገበያ የምሄደው እየሮጥኩ ነው፤ የምመለሰውም እየሮጥኩ ነው። ሠርግ ብጠራ ምሳ ሳይቀርብ እነሳለሁ። ከቤታችን አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ሚኒባሶች "አዲሳባ! አዲሳባ! አንድ ሰው፣ የሞላ!" እያሉ ይጣራሉ፤ ያ የጎደለው አንድ ሰው እኔ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ታፍኜ ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። አባቴን እወደዋለሁ፤ መውደዴ ግን አየር አልሆነኝም።

እንዲህ ባለሁበት ሰዓት ነው አዲስ አበባ ካለ አንድ የዲዛይን ቢሮ ስልክ የተደወለልኝ። የደወሉት ሴትዮ ከሳልኳቸው ቤቶች አንዱን አይተው ወደውታል። ባቱ፣ ሐይቁ አጠገብ ለሚሠራ የጂ ፕላስ ፎር ሆቴል ሙሉ ፕላንና ምስል በሦስት ሳምንት ሠርቼ እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ከወደዱት ሥራ እጀምራለሁ። የራሴ ጠረጴዛ፣ የራሴ መስኮት ይኖረኛል። እኔ በተለይ የማስበው መስኮቱን ነበር።

ለወንድሜ ደወልኩለት። የሚኖረው አሰላ ነው፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ለአባቴ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን። "ሥራውን ካገኘሽ አባዬን እኔ እወስደዋለሁ" አለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስለነበር አባቴ ሰማ። ወደ ስልኩም ወደ እኔም ሳይዞር አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

"አሰላ ይበርዳል።"

ይችን ሁለት ቃል ይዤ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። እምቢ ማለቱ ነው ብዬ ወሰድኳት። ከበረንዳው፣ ከሙቀቱ፣ ከእማማ ፍሪጅ ድምፅ ነቅለው ቢወስዱት አንድ ክረምት አይሻገርም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሱን ግን አልጠየቅኩትም። መሄድ እፈልጋለሁ፤ መፈለጌ ያሳፍረኛል፤ ሐፍረቱ ዞሮ በእሱ ላይ ንዴት ይሆናል። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ሁለት ጊዜ ወለሉን መታ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። እንደገና አልመታም። ያ ዝምታ ከማንኛውም ጥሪው በላይ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የሆቴሉን ቦታ ማየት ስለነበረብኝ አባቴን ለእማማ አደራ ሰጥቼ ለግማሽ ቀን ባቱ ሄድኩ። ከመናኸሪያው እስከ ሐይቁ በጋሪ ነው የሄድኩት። ውሃው ዳር ቆሜ ማዶውን ሳይ ዓይኔ የሚያርፍበት ግድግዳ አጣ፤ ለካ ዓይንም ይታሰራል። የሆቴሉን መስኮቶች ሁሉ ወደ ሐይቁ ለማዞር እዚያው ወሰንኩ። አባቴ እስከዚያ ድረስ ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር፤ አንዴ ቦታውን በሜትር ለክቼው እንደሆነ ሊጠይቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በምንም ምክንያት ሳይሆን።

በዚያው ሰሞን ነው ካፖርቱን እንዳወርድለት ያዘዘኝ። ጥቁር የሱፍ ካፖርት ነው፤ በወጣትነቱ ለሥልጠና አዲስ አበባ ተልኮ ክረምቱ ሲያንዘፈዝፈው የገዛው። ከተመለሰ በኋላ አዳማ ላይ የት ይለብሰዋል? ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አውርጄ አራግፌ ልብስ ማስጫው ላይ ሰቀልኩት። "ብል እንዳይገባበት ፀሐይ ይምታው" አለኝ። ነፋሱ አቧራ ያለብሰዋል፤ አመሻሽ ላይ አራግፌ አስገባለሁ፣ ጠዋት መልሼ አሰጣለሁ። እማማ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው "አካም! ማነው ከፈረንጅ አገር የመጣላችሁ?" ብለው ቀለዱብኝ። ሳቅኩላቸው። በልቤ ግን፣ በቃ እርጅናው መጣ፣ በዚህ ሁሉ ሥራ መሐል ካፖርት ጠባቂ ሊያደርገኝ ነው እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

ሥራውን በጀመርኩ በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ውጭ ነፋሱ ያፏጫል። ኮረብታው ላይ ከነፋስ መብራት የሚያወጡት ረጃጅም ነጭ ምሰሶዎች ክንፋቸውን ሲያዞሩ ከደጃችን ይታያሉ፤ እኔ ደብዛዛ ክፍሌ ውስጥ ላቤን እጠርጋለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ መጣ።

"ቆዪ!" አለኝ አባቴ ከበረንዳ።

የሆቴሉ ምስል በግማሽ ቀርቶብኝ ነበር። ያን ሩብ ሰዓት መታገሥ አቃተኝ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚይዝልኝ ዩፒኤስ ባትሪው ደክሞ ሲጮህብኝ ስለሰነበተ ትቼው ማሽኑን በቀጥታ ዲቫይደሩ ላይ ሰካሁት። የእማማ ፍሪጅ ገና አልተነሳም ነበር። ጧ! አለና ከኮምፒውተሩ ኋላ ቀጭን ጭስ ወጣ።

አባቴ አልተቆጣም። "ምንድን ነው የሸተተኝ?" ብቻ ነው ያለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን በአንሶላ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ኮምፒውተር ሱቅ ወሰድኩት። ባለሱቁ ከንግግር ይልቅ አፍንጫውን የሚያምን ሰው ነው። ኬዙን ከፍቶ አሸተተና "ፓወር ሳፕላዩ ነው" አለ። የራሱን ገጥሞ ሲሞክረው ማሽኑ ተነሳ። ሁለቱም ሃርድ ዲስኮቼ አሉ። የሆቴሌ ፋይልም አለ። ከደስታዬ ብዛት በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። የሚያስፈልገኝ ያ አንድ ሳጥን ብቻ ነበር፤ ከግድግዳ የመጣውን መብራት ተቀብሎ ለማሽኑ ዕቃዎች መጥኖ የሚያከፋፍል፣ የጡብ ያህል ሳጥን።

ባንኮኒው ላይ ሦስት አስቀመጠልኝ። አንዱ ከቢሮ ማሽን የወጣ፣ ያገለገለ ነው፤ ባለሱቁ ራሱም ብዙ አልገፋበትም። ሌላው አዲስ ነው፤ የተለጠፈበትን ስም ማንም አያውቀውም፣ ግን ከባድ ነው። እኛ ጋ ፓወር ሳፕላይ የሚመረጠው በመዳፍ ነው። ሰው ያነሳዋል፣ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከከበደ ኦርጅናል፣ ከቀለለ ፌክ ነው። አባቴም የሚያምነው ይህንኑ ነው፤ በእሱ ዘመን ብረትና መዳብ አይዋሹም ነበር። እኔም አነሳሁት። እጄን ቁልቁል ሲጎትተው ልቤ አብሮት ሄደ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ አምስት ቀን የቀረው ሰው ምን ይመርጣል?

ባለሱቁ ፊቴን አይቶ ከመደርደሪያው ሥር ክዳኑ የወለቀ ሌላ ሳጥን አወጣ። የዚያው የከባዱ ዓይነት ነው። ውስጡ፣ ጥግ ላይ፣ የሲሚንቶ ቁራጭ ተለጥፎበታል።

"ሰው በክብደት ሲገዛ ክብደት ይሸጡለታል" አለኝ።

ሦስተኛው ጥቁር ነበር። ጎኑ ላይ የወርቅ ደረጃ የሚል ምልክት አለው። ገመዶቹ ከሳጥኑ ጋር አብረው የተሠሩ አይደሉም፤ በተለየ ከረጢት ይመጣሉ፣ የሚፈለገው ይሰካል፣ የማይፈለገው ይቀራል። ሞዱላር ይሉታል። ባለሱቁ የማሽኔን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያየ የሚፈልጉትን ዋት ደመረና ትንሽ መጠባበቂያ ጨመረበት። "ከዚህ በላይ ለጉራ ነው" አለ። ከዚያ የወርቁን ነገር አስረዳኝ።

"የትኛውም ፓወር ሳፕላይ ከግድግዳ የወሰደውን ሁሉ ለማሽኑ አያደርስም፣ እህቴ። መንገድ ላይ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ይሄኛው ብዙውን ያደርሳል። ያ ደክሟል ያልሽኝ ዩፒኤስ እንኳ ከድሮው ትንሽ ረዘም አድርጎ ይይዝልሻል።"

"የክፍሌ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ሌላ አትጠይቂ" አለኝ።

ቢሆንም ለአባቴ ሳልደውል አልገዛም።

"ይከብዳል?" አለኝ።

"ይከብዳል።"

"ከስንት እስከ ስንት ቮልት ይችላል?"

ከጎኑ አነበብኩለት። "ጥሩ ነው" አለ። ስለ ሙቀቱና ስለ ወርቁ ምልክት ላስረዳው ስጀምር "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" ብሎ ሳቀብኝ። ገመዶቹ የሚነቀሉ መሆናቸውን ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ።

"መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር ስህተት ይበዛል፣ ልጄ። እዚያ አታስገጥሚው። ይዘሽው ነይ፣ እፊቴ ይገጠም።"

ባለሱቁ ሳጥኑን ሲሰጠኝ ጣቱን አንስቶ አስጠነቀቀኝ። "ከራሱ ጋር የመጣውን ገመድ ብቻ ነው የምትጠቀሚው። የሌላ ፓወር ሳፕላይ ገመድ ጫፉ ሊገባልሽ ይችላል፤ የሽቦዎቹ አሰላለፍ ግን ሌላ ነው። ያቃጥላል።" ከረጢቱ ውስጥም ይህንኑ የሚል ቀይ ወረቀት ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አንብቤዋለሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ ወደ ክፍሌ መጣና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አሮጌውን ፓወር ሳፕላይ ፈታሁት። እሱም ገሚሱ ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ነበር። ወደ ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች የሚሄደው ገመድ በኬዙ ጀርባ ተጠማዞ ያልፋል፤ በየሁለት ጣት ርቀት ሰም በተቀባ ክር ታስሯል። የፋብሪካ አስተሳሰር ነው። ቋጠሮዎቹ ሁሉ አንድ ልክ ናቸው፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይተኛሉ። ከዓመታት በፊት፣ እጁ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር፣ እዚችው አልጋ ላይ ተቀምጦ ያሰረልኝ አባቴ ነው። ከዚያ በኋላ በእጁ የጨረሰው ሥራ የለም። አዲሱን ገመድ ለማስገባት ያን ሁሉ ቋጠሮ እያየኝ በመቀስ መቁረጥ ነበረብኝ።

መቀሱን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። የአሮጌውን ገመድ ጫፍ አዲሱ ፓወር ሳፕላይ ላይ ሞከርኩት። ጠቅ ብሎ ገባ። እኛ ቤት የሚሠራ ነገር አይጣልም፤ የጎበጠ ምስማር እንኳ ተቃንቶ በቆርቆሮ ጣሳ ይቀመጣል። ከገባ ይሠራል አልኩ ለራሴ። ለሃርድ ዲስኮቹ የመጣውን አዲስ ገመድ ከነቀይ ወረቀቱ ወደ ሳጥኑ መለስኩት።

"ለክተሻል?" አለ አባቴ።

ቴስተሩ ከበሩ ኋላ አልወረደም። የአባቴ ዓይን ደክሟል፣ እኔም በትከሻዬ ጋርጄበታለሁ። ማሽኑ ውስጥ ምን እንደማደርግ አያይም። ሙቀቱ አንገቴ ላይ ነበር፣ ቀኑ እያለቀብኝ ነበር፣ ያ ጥያቄ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሲንቆረቆር ኖሯል።

"አዎ" አልኩት።

ለዚያ ጥያቄ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።

ማሽኑን አበራሁት። አዲሱ ፓወር ሳፕላይ ድምፅ እንኳ የለውም፤ አባቴ ጆሮውን አዘንብሎ "ጎበዝ" አለ። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ስክሪኑ ላይ ዲስክ የለም የሚል ጽሑፍ መጣ። አንዱን ዲስክ ለሌላው መጠባበቂያ አድርጌ ነው የምሠራው። ሁለቱም ግን ያ አንድ ገመድ ላይ ነበሩ። አሥራ አምስት ቀን የሠራሁት ሆቴል ከነመስኮቶቹ ከሁለቱም ጠፋ።

ዲስኮቹን በነጠላዬ ቋጥሬ እያለከለክሁ ወደ ባለሱቁ ተመለስኩ። አሸተታቸው። ፈታታቸው። "አዲስ አበባ የሚሞክሩ አሉ፤ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ተስፋም አልሰጥሽም" አለኝ። ቀጥሎ "የትኛውን ገመድ ነው የተጠቀምሽው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የራሱን" አልኩ። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ሁለተኛው ይቀላል።

ረዘም አድርጎ አየኝ። "እንግዲያው መብራት ይሆናላ" አለ።

በእኛ ከተማ መብራት የማይሸከመው ኃጢአት የለም። ቴሌቪዥን ሲበላሽ መብራት ነው፤ ወጥ ሲያር መብራት ነው፤ ባል አምሽቶ ሲገባም መብራት ጠፍቶበት ነው። አፍ የለውም እንጂ ቢኖረው ስንታችንን በስም ማጥፋት በከሰሰን። እኔም ከሱቁ ደጃፍ ሆኜ ለአዲስ አበባዋ ሴትዮ ስደውል መብራት አቃጠለብኝ አልኳቸው። አዘኑልኝ። ድምፃቸው እንደ እናት ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ግን ቀን እንደማይጨምር፣ ሌላ የሳለ ሰው እንዳለ፣ ለወደፊቱ እንደሚያስቡኝ ነገሩኝ። አመሰገንኳቸው።

ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ነጂው በመስታወቱ እያየ ሙዚቃውን ቀነሰልኝ። ያስደነገጠኝ ግን ማልቀሴ አልነበረም፤ ከልቅሶው ሥር ቅልል ያለኝ ነገር መኖሩ ነው። ከእንግዲህ መምረጥ የለብኝም። አባቴ ከበረንዳው አይነሳም፣ እኔም የገፈተርኩት ልጅ አልሆንም። ቀይ ወረቀቱን አንብቤ ለምን ያን ገመድ ሰካሁ? ስለቸኮልኩ፣ ቋጠሮዎቹን መቁረጥ ስላልቻልኩ፤ ይህ እውነት ነው። ግን መሄድ የፈራች፣ አባቷን ሰበብ ያደረገች ሴትም እዚያ ክፍል ውስጥ ነበረች። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ቤት ስገባ አባቴ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ማሽኑን አብርቶታል፤ ቴስተሩ ጭኑ ላይ ነው። ከሃርድ ዲስኮቹ የወጣውን የገመድ ጫፍ በግራ እጁ ይዞ፣ የቴስተሩን መርፌ በሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጁ ለማስገባት ይታገላል። ስንት ጊዜ እንደሞከረ አላውቅም፤ ግንባሩ በላብ ርሷል። በመጨረሻ ገባለት።

"አምስት መሆን ያለበት ላይ አሥራ ሁለት ቮልት ነው" አለ። ቀና ብሎ አየኝ። "ለክተሽው ነበር?"

"አልለካሁም፣ አባዬ።"

ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ። ማሽኑን አጠፋ። የቴስተሩን ሽቦዎች እንደ ልማዱ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ፤ ወንድሜ ነው። ጆሮው ስለደከመ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው።

"እንዴት ዋላችሁ? ኮምፒውተሩ ተነሳ?"

"ተቃጠለ" አለ አባቴ። "መብራት ነው። ምን ይደረግ።" ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም።

"አይ! እና ቅዳሜስ? መኪናውን ይዤ ልምጣ ወይስ ልተወው?"

"ቅዳሜ ቀርቷል።"

ስልኩን ዘጋው።

"ቅዳሜ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ሊወስደኝ ነበር። እኔ አስቀድሜ ከሄድኩ አንቺ የምታስቢበት አይኖርሽም ብለን ነው። ሥራሽን እስክትጨርሺ እንዳትሰሚ ብዬው ነበር።"

"አሰላ ይበርዳል ብለህ አልነበር እንዴ?"

"ይበርዳል እንጂ" አለ ግራ ገብቶት። "ለዚያ አይደል ካፖርቱን ያሰጣሁት?"

ደግፌ ወደ ክፍሉ አስገባሁት። አልጋው ሥር፣ እኔ በማልጠርግበት ጥግ፣ ሻንጣው ተዘጋጅቷል። አጠገቡ የመሣሪያ ሣጥኑ አለ፤ ዙሪያውን ሰም በተቀባ ክር ታስሯል። ቋጠሮዎቹ ጠማማ ነበሩ፣ አንዳንዱ ላልቷል፣ ለአንዱ ሣጥን ቀናት ሳይፈጅበት አልቀረም። ካፖርቱ ተጣጥፎ ከላይ ተቀምጧል።

አልጋው ላይ ጋደም እያለ "ካፖርቱን ወደ ቦታው መልሺው" አለኝ። "እዚህ ምን ያደርግልኛል።"

ወንበር ላይ ወጥቼ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ መለስኩት። ረፋዱን ፀሐይ ላይ ስለዋለ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም ነበር።